ምጣዴ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አፈሩ ምን ጎድሎት ነው?

የሰንዳፋዋ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40)

ሰላም ለቤቱ። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ታገሱኝ።

ከአክስቴ የተማርኩትን ሸክላ ሥራ ይዤ ከስምንት ወር በፊት ምጣድና ጀበና መሥራት ጀመርኩ። ጀበናው እግዜር ይመስገን ደህና ነው። ምጣዱ ግን አሳበደኝ። ባለፈው ወር ከሠራኋቸው አሥር ምጣዶች ስድስቱ እሳት እንኳን ሳያዩ፣ ገና ጥላ ሥር ሲደርቁ ተሰነጠቁ። ስንጥቁ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ከዳር ይጀምርና ጣት ያህል ወደ ውስጥ ይገባል፣ በነጋታው መዳፍ ያህላል፣ ከዚያ በቃ፣ መልሼ ማቡካት ነው።

አፈሩን የማመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ ከወንዝ ዳር የሚቆፈር ጥቁር፣ ሲረጥብ እንደ ቅቤ የሚታዘዝ። ሌላው ከጉብታው የሚወጣ ቀይ። ለምጣድ በብዛት የምጠቀመው ጥቁሩን ነው፣ ለእጅ ስለሚመች። አክስቴ ሦስተኛ ነገር ትጨምር ነበር፣ ግን ልጅ ስለነበርኩ ልብ አላልኩትም። አሁን አርፋለች፣ ልጠይቃት አልችልም።

አንድ የሰፈር ልጅ «አስመርምሪው» አለኝና ጥቁሩን ወስጄ ከፍዬ አስመረመርኩ። ወረቀቱ ላይ ሲሊካ 56፣ አሉሚና 16፣ የብረት ኦክሳይድ 10፣ ካልሲየም ኦክሳይድ 3፣ ሲቃጠል የሚጎድል 11 ይላል፣ ሁሉም በመቶኛ። ወረቀቱን የሰጠኝ ልጅ «ጥሩ ሸክላ ነው» ብሎ ሸኘኝ። ጥሩ ከሆነ ታዲያ ለምን ይሰነጠቃል? የሚያውቅ ካለ በእናታችሁ።

ዝም አይነቅዝም (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05)

ለአፈር ላቦራቶሪ 😂 እናቶቻችን ቀምሰው ያውቁ ነበር እኮ። ገንዘብሽን አፈር አስበላሽው።

ጠጠር ቆጣሪ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30)

እህቴ፣ እኔ የምውለው ናሙና ስመረምር ነው፣ ስለዚህ ወረቀትሽን ላንብብልሽ። ልጁ ዋሽቶሻል አልልም፣ ግን ወረቀቱ ያንቺን ጥያቄ አይመልስም።

ያስመረመርሽው ኤክስ አር ኤፍ የሚባለውን ነው። እሱ የሚነግርሽ ውስጡ የትኞቹ ንጥረ ነገሮች በስንት መጠን እንዳሉ ብቻ ነው። ጤፍ ዱቄትና ውሃ ሰጥቼሽ «ምን ልሠራ ነው?» ብልሽ ታውቂያለሽ? እንጀራም፣ ገንፎም፣ አጥሚትም ሊሆን ይችላል። ሸክላም እንዲሁ ነው። ሲሊካና አሉሚና በሁሉም ውስጥ አለ፣ ልዩነቱ አደራደሩ ላይ ነው። አደራደሩን የሚያሳየው ሌላ ምርመራ ነው፣ ኤክስ አር ዲ ይባላል።

ሸክላ አፈር ማለት እጅግ የደቀቀ ነው፣ ቅንጣቱ ከ2 ማይክሮን ያነሰ፣ ማለትም አንድ ሚሊ ሜትር አምስት መቶ ቦታ ቢከፈል ካንዱ ክፋይ ያነሰ። በዓይን አይታይም። እያንዳንዱ ቅንጣት ደግሞ ቅጠል በቅጠል የተደራረበ ነው። እዚህ ላይ እንጀራ ልጥራና፣ ትኩስ እንጀራ ሳይበርድ ላዩ ላይ ሌላ ብትደርቢበት ምን ይሆናል? ይጣበቃል፣ አይላቀቅም። ካኦሊናይት የሚባለው ሸክላ እንደዚያ ነው። ቅጠሎቹ እርስ በርስ ተያይዘዋል፣ ውሃ መሃላቸው አይገባም። የሲኒና የሳህን ነጭ አፈር እሱ ነው። ንጹሕ ሲሆን 46.5 ከመቶ ሲሊካ፣ 39.5 ከመቶ አሉሚና፣ የቀረው 14 በውስጡ የታሰረ ውሃ ነው። እኛ አገር ክብረ መንግሥት አካባቢ ቦምቦዋ የሚባል ቦታ ይወጣል።

በርዶ የተደረበ እንጀራ ግን አንዱ ካንዱ ላይ ይንሸራተታል። ሞንትሞሪሎናይት ይኼ ነው። ውሃ በየቅጠሉ መሃል ሰተት ብሎ ይገባል፣ አፈሩም ያብጣል። ሲደርቅ ውሃው ይወጣና ይኮማተራል። የዋልካ ባሕርይ ከዚህ ነው የሚመጣው። አንድ ግራም ሞንትሞሪሎናይት ቅጠሉ ሁሉ ቢዘረጋ እስከ 800 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፣ ካኦሊናይት ከ10 እስከ 20 ነው። ውሃ የሚይዘው በዚያ ገጽ ልክ ነው።

ያንቺ አሉሚና 16 ብቻ ነው፣ ስለዚህ ካኦሊናይት የበዛበት አይመስልም። «እንደ ቅቤ የሚታዘዝ» ያልሽው ግን ከወረቀቱ በላይ ነገረኝ። እኔ ዋልካ ነው ባይ ነኝ።

የቀጨኔ ልጅ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10)

ጠጠር ቆጣሪ ያልከው ደስ ይላል፣ ግን እናቴ ይኼን ሁሉ በአንድ ቃል ነው የምትለው፦ «ወፍራም አፈር ነው፣ አስተካክይው።»

የሰንዳፋዋ፣ እኔ ቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ቤት ነው ያደግሁት። እናቴም አያቴም ከዚሁ ነው የኖሩት። አክስትሽ የጨመረችው ሦስተኛው ነገር ምን እንደነበር በእርግጠኝነት ልነግርሽ እችላለሁ ባልልም፣ እኛ ቤት ቢሆን ገል ነው። የተሰበረ ምጣድ፣ የተሰበረ ድስት፣ ምንም አይጣልም። ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ከጭቃው ጋር ይቦካል። ገል አንድ ጊዜ በእሳት ስላለፈ ከእንግዲህ አያብጥም፣ አይኮማተርም። ጭቃው ዙሪያውን ሲሸሽ እሱ ቆሞ ይይዘዋል። ስንጥቅ ሲነሳም ገሉ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

ለጀበና ጥቁሩ ብቻውን የሠራልሽ ትንሽና ክብ ስለሆነ ነው። ምጣድ ሰፊና ዝርግ ነው፣ ዳሩ ቀድሞ ይደርቃል፣ መሃሉ ገና እርጥብ ነው። ዳሩ ልሰብሰብ ሲል መሃሉ እምቢ ይለዋል። ያኔ ነው የሚሰነጠቀው።

ስንት ልጨምር ካልሽኝ በዓይን አይነገርም፣ እንደ አፈሩ ነው። እኛ ከሦስት እጅ ጭቃ አንድ እጅ ገል እንጀምራለን። እጅ ላይ ሻካራ ይሆንብሻል፣ ለማለስለስ ያስቸግራል፣ ግን ላዩን በጠጠር ስታሺው ይስተካከላል።

የሰንዳፋዋ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡50)

የቀጨኔ ልጅ፣ ማንበቤን ማመን አልቻልኩም። አክስቴ ጓሮ የገል ክምር ነበራት! እኛ ልጆች ዕቃ ዕቃ እንጫወትበት ነበር። ትቆጣን የነበረው ለካ ለዚህ ነው 😭

ዋልካ ያለው (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30)

ከእነዋሪ ነኝ፣ ሰሜን ሸዋ። ዋልካን ስትሳደቡ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ዋልካ ክረምት ላይ ጫማ ያወልቃል፣ በጋ ላይ ተሰንጥቆ የበሬ እግር ይውጣል፣ እውነት ነው። ግን ጤፍ የሚወደው ማንን ነው? መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ሽምብራና ጓያ ዘርተን አንድ ጠብታ ሳይዘንብ የምናመርተው በማን እርጥበት ነው? ያ የያዘው ውሃ ነው። ቀይ አፈር ቢሆን በሁለት ሳምንት ይደርቅ ነበር። አገራችን ውስጥ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ዋልካ አለ ይባላል፣ ቀልድ አይደለም።

መከራው ውሃ ማቆሩ ነው። እኛ ጋ ሴቶችና ልጆች ከእርሻ በኋላ አፈሩን በእጃቸው እየሰበሰቡ ሰፋ ያለ መደብና ቦይ ይሠራሉ፣ ውሃው በቦዩ እንዲወርድ። ወገብ የሚሰብር ሥራ ነው፣ እናቴ እስካሁን ወገቧን ትላለች። በኋላ ላይ ተመራማሪዎች ይህንኑ አይተው በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ሠሩለት። ቢቢኤም ይሉታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ደጋው ላይ አያቶቻችን ገብስ ለመዝራት አፈሩን ከምረው በእበትና በሣር ያጋዩት ነበር። ከተቃጠለ በኋላ አፈሩ እንደ አሸዋ ይሆናል፣ አይጣበቅም፣ ገብሱም ለአንድ ሁለት ዓመት ያምራል። ከዚያ በኋላ መሬቱ ለዓመታት ይደክማል። የቀጨኔ ልጅ ስለ ገል ስትጽፍ ይኼ ነው ትዝ ያለኝ፣ ያው ነገር ነው።

ጠጠር ቆጣሪ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡15)

ዋልካ ያለው፣ ያው ነው! ሸክላ 500 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ውስጡ የታሰረውን ውሃ ይለቃል፣ ከዚያ ወዲያ ጭቃ ተመልሶ አይሆንም። በየቅንጣቱ ገል ሠርታችኋል ማለት ነው። ዋጋው ደግሞ እንዳልከው ነው፣ ብስባሹም ናይትሮጂኑም አብሮ ይቃጠላል።

የሰንዳፋዋ፣ ሌላ ብር ሳታወጪ ሁለት ነገር እቤትሽ ሞክሪ።

የመጀመሪያው በብርጭቆ ማሰሮ ነው። ቀጥ ያለ የማር ወይም የቲማቲም ድልህ ጠርሙስ ፈልጊ። ሲሶውን የደቀቀ አፈር አድርጊ፣ ውሃ ሙዪው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኦሞ ጨምሪበት። ኦሞው ቅንጣቶቹ እንዳይያያዙ ነው፣ አለዚያ ተጣብቀው ቶሎ ይወርዱና ያታልሉሻል። አምስት ደቂቃ በኃይል ናጪውና አስቀምጪው። ደቂቃ ሳይሞላ የወረደው አሸዋ ነው፣ ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እላዩ የተኛው ደለል ነው። ከዚያ በኋላ የሚወርደው፣ ወይም በነጋታውም ሳይጠራ የሚያድረው፣ ሸክላው ነው። 2 ማይክሮን የሆነ ቅንጣት 10 ሳንቲ ሜትር ለመውረድ 8 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፣ ያነሰው ደግሞ ቀናት። ስለዚህ አትቸኩዪ፣ ጠርሙሱንም አታንቀሳቅሺ።

ሁለተኛው ይበልጥ ይጠቅምሻል። ጭቃውን ለሥራ እንደምታደርጊው አቡክተሽ እንደ ማስመሪያ ጠፍጣፋ አድርጊው። ላዩ ላይ በቢላ ልክ 10 ሳንቲ ሜትር መስመር ጫሪ። ጥላ ሥር አድርቂው። ሲደርቅ መስመሩን ለኪ። 9 ከሆነ አሥር ከመቶ ተኮማትሯል ማለት ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ምጣድ ላይ ስድስት ሳንቲ ሜትር ነው የሚጠፋው! እንዲህ የሚሸሽ ጭቃ ዝርግ ሆኖ ሳይሰነጠቅ ቢደርቅ ነበር የሚገርመው። በየድብልቁ አንድ አንድ ሥሪ፣ ላያቸው ላይ ቁጥር ጻፊባቸው።

ኮንትራክተሩ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡20)

ምጣድ ብቻ መሰላችሁ? ቦሌ አካባቢ በዋልካ ላይ የተሠራ ግንብ አጥር በየዓመቱ የሚሰነጠቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ክረምት ያነሣዋል፣ በጋ ያወርደዋል። ባለቤቱ ሲሚንቶ ይለጥፍበታል፣ በቀጣዩ ዓመት ያው ስንጥቅ ሁለት ጣት በልጦ ይመለሳል። ከባድ ፎቅ ይሻላል፣ ክብደቱ ይጫነዋል። የሚጎዳው ቀላል ቤት ነው።

እኔ ራሴ አንዴ ባለቤቱ «ገንዘብ የለኝም» ስላለኝ ዋልካውን ሳላወጣ መሠረት ጣልኩለት፣ ቤቱ በሁለተኛው ዓመት በሩ አልዘጋ አለ። እስካሁን ያፍረኛል። ዋልካ ከሆነ ቆፍሮ አውጥቶ ሰሌክት ማቴሪያል (የማያብጥ የተመረጠ አፈር) እየጠቀጠቁ መሙላት ነው፣ ወይም ከኖራ ጋር ማዋሃድ። ዙሪያውን ደግሞ ማርሻፔዲ (ግድግዳ ሥር የሚነጠፍ መረማመጃ) ሠርቶ የጣራ ውሃ ከግድግዳው ማራቅ። ትልቅ ዛፍ ግድግዳ ሥር አትትከሉ፣ በጋ ላይ ውሃውን መጦ አንዱን ጥግ ብቻ ያወርደዋል።

ዝም አይነቅዝም (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡00)

የጭቃ ቤትስ? አባቴ የሠራው 40 ዓመት ቆሟል፣ ኮንክሪታችሁ በሁለት ዓመት በሩ አይዘጋም።

ኮንትራክተሩ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡12)

ዝም አይነቅዝም፣ ዛሬ ቁም ነገር አወራህ። የጭቃ ቤት ምርጊት ላይ ጭድ የሚገባው የቀጨኔ ልጅ ገል በምትጨምርበት ምክንያት ነው። ጭቃው ሲሰበሰብ ጭዱ ይይዘዋል፣ አንድ ትልቅ ስንጥቅ መሆኑ ቀርቶ ሺህ የማይታዩ ትንንሽ ይሆናል። ለዚያም ነው ጭቃው ሳምንትና ከዚያ በላይ ከነጭዱ የሚቦካው፣ ጭዱ እንዲለሰልስና እንዲያያዝ። ትናንት አቡክቶ ዛሬ የሚመርግ ሠራተኛ ካገኘህ አባርረው።

ሳሮን ዲሲ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40)

ርዕሱን ላዛባ ይሆናል ይቅርታ። እዚህ አሜሪካ ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ ሁሉም ሴት ፊቷ ላይ ትለቀልቃለች። ጓደኛዬ ደግሞ በውሃ በጥብጣ ትጠጣዋለች፣ «መርዝ ከሰውነት መጥጦ ያወጣል» ትላለች። እርጉዝ ናት። እናቴ ስትነግረኝ እሷም እኔን ስታረግዝ አፈር አምሯት ከግድግዳ ትገምጥ ነበር አሉ። ጉዳት አለው?

ጠጠር ቆጣሪ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20)

ቤንቶናይት ሌላ ነገር አይደለም፣ የእሳተ ገሞራ አመድ በጊዜ ብዛት ተለውጦ የተፈጠረ፣ ሞንትሞሪሎናይት የበዛበት ሸክላ ነው። ስሙ የመጣው አሜሪካ ውስጥ ቤንተን ከሚባል የድንጋይ ንጣፍ ነው። እኛም አፋር ውስጥ አለን። ዋልካና እሱ የሥጋ ዘመድ ናቸው። የነዳጅ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ ወይን ጠጅ ሲጠራ፣ የድመት መጸዳጃ ሲሠራ የሚገባው እሱ ነው። ፊት ላይ ቅባት ይመጥጣል፣ አዎ። ሲደርቅ ቆዳሽን ጨምድዶ የሚይዘው ያ መኮማተር ነው፣ ተአምር አይደለም።

መጠጣቱን ለሐኪም ልተወው።

ነርሷ እህታችሁ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00)

ሳሮን፣ ጓደኛሽን አስቁሚያት። ዛሬውኑ።

ሸክላ የሚመጥጠው መርዝ መርጦ አይደለም። ያገኘውን ይይዛል፣ ብረትም መድኃኒትም። እርጉዝ ሴት ደሟ አንሶ ሳለ አፈር ስትበላ ያለውን ብረት ይሻማታል። ብዙ ጊዜ አፈር የሚያምራትም ደም ስላነሳት ነው፣ ስለዚህ ክሊኒክ ሄዳ ደሟን ትለካ፣ የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒኗን ትውሰድ። ሁለተኛው ችግር ሸክላው ራሱ ከድንጋዩ ይዞት የመጣው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ለገበያ የቀረቡ የቤንቶናይት ምርቶች ላይ ከፍተኛ እርሳስ አግኝቶ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። እርሳስ የፅንስ አእምሮ ይጎዳል። በእንግሊዝም እርጉዞች የሚበሉት ከውጭ የሚገባ የሸክላ ድንጋይ ላይ እንዲሁ ተብሏል። እናትሽን አትውቀሺ፣ የዚያን ጊዜ ማን ነገራት።

አንድ ነገር ደግሞ ለሸክላ ሠሪዎችና ለገበሬዎች። ቀይ አፈር በባዶ እግር የምትረግጡ ወገኖች፣ እግር የሚያብጥ ዝሆኔ አለ፣ በትንኝ የሚመጣው ሳይሆን ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ባለበት፣ ዝናብ በበዛበት ደጋ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎችን ይይዛል፣ የደቀቀው ማዕድን በቆዳ ይገባል። እርግማን አይደለም፣ በዘር የመጣ ቁጣ አይደለም፣ አይተላለፍም። ጫማና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። ጭቃ በእግር የምታቦኩ ከጨረሳችሁ በኋላ ታጠቡ፣ ቅባት ተቀቡ።

የቀጨኔ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡25)

ነርሷ እህታችን፣ «እርግማን አይደለም» ስላልሽ አመሰግናለሁ። ሸክላ ሠሪ ቤት ያደገ ሰው ይህን ቃል መስማት ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ትምህርት ቤት ሳለሁ «የቡዳ ልጅ» ተብዬ ዳቦ የሚካፈለኝ አጥቻለሁ። ያው ልጅ እቤቱ እናቱ በሠራችው ምጣድ የተጋገረ እንጀራ ይበላ ነበር። እናቴ በሠራችው ማለቴ ነው።

ደግሞ ገል ስትወቅጪ፣ የሰንዳፋዋ፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ ውሃ ርጪበት። አያቴ እስክትሞት ታስል ነበር።

ከቤር ሸቫ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡10)

ሰላም ከእስራኤል። የአያቴ አገር ወለቃ ነው፣ ጎንደር አጠገብ። ቤተ እስራኤሎቹ እዚያ ለፈረንጅ ትንንሽ የሸክላ ምስል ይሸጡ ነበር፣ እሷ ግን «ያ ለመሸጫ ነው፣ እጅ የሚፈተነው በእንስራ ነው» ትል ነበር። እዚህ ከመጣች በኋላ አንድ ማዕከል ውስጥ በፌስታል የታሸገ ሸክላ ሰጧት። ነካ አድርጋ «ይኼ ሊጥ ነው፣ አጥንት የለውም» አለች። ምጣድ ሠራችበት፣ ተሰነጠቀ። ከዚያ አንድ የአበባ ማሰሮ ገዝታ በመዶሻ ሰባበረችው። አስተማሪዋ ያበደች መስሏት ደነገጠች 😄 ወቅጣ ጨመረችው፣ ምጣዱ ቆመ።

ቀጭን ጌታ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 5፡30)

እኔ ደግሞ የገዛሁት ጀበና ተቃጥሎ ደህና ነበረ፣ ከሳምንት በኋላ ላዩ ላይ ነጭ ነጥብ እያወጣ እየተፈነጠረ ይቦረቦራል። ይኼስ ምንድን ነው?

ጠጠር ቆጣሪ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡00)

የኖራ ድንጋይ ጠጠር ነው። አፈሩ ውስጥ የነበረ ትንሽ ነጭ ጠጠር እሳት ውስጥ ኖራ ይሆናል፣ ከዚያ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ያብጥና ላዩን ፈንቅሎ ይወጣል። ሠሪዋ አፈሩን በደቃቅ ወንፊት ብትነፋው ይቀንሳል። ለማወቅ ደረቁ አፈር ላይ አቼቶ ጠብ ማድረግ ነው፣ ከፈላ ኖራ አለበት። የሰንዳፋዋ፣ አንቺም ሞክሪው፣ ካልሲየምሽ 3 ነው፣ ብዙ አይደለም ግን አንድ ቦታ የተሰበሰበ ከሆነ ያስቸግራል።

የዝዋይ ልጅ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡45)

እኛ ጋ ውሃው ፍሎራይድ አለበት፣ የልጆች ጥርስ ቡናማ ነው። የሸክላ ማጣሪያ ይጠቅማል የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

ጠጠር ቆጣሪ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡30)

ለጀርም እንጂ ለፍሎራይድ አይጠቅምም፣ አትታለሉ። በ1981 እ.ኤ.አ. ጓቲማላ ውስጥ የተጀመረው የማሰሮ ማጣሪያ ሸክላና የመጋዝ ብናኝ ተደባልቆ ይቃጠላል። ብናኙ ነዶ ደቃቅ ቀዳዳ ይተዋል፣ ጀርሙ እዚያ ይቀራል፣ ብርም ይቀባል። ፍሎራይድ ግን ውሃ ውስጥ የሟሟ ስለሆነ በቀዳዳው ያልፋል። እሱን የሚይዘው የተቃጠለ የአጥንት ከሰል ወይም አሉሚና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፣ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። ጉድጓዳችሁን አስለኩ፣ ለዚህኛው ላቦራቶሪ መክፈል ተገቢ ነው።

የሰንዳፋዋ (ከ11 ቀን በኋላ፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡15)

ተመለስኩ። ውጤት ይዤ ነው የመጣሁት።

ጠርሙሱን እንዳላችሁኝ አደረግሁ። ጥቁሩ አሸዋ የሚባል የለውም፣ ከታች የጥፍር ውፍረት ብቻ። በነጋታው ውሃው አልጠራም፣ በሦስተኛው ቀንም እንደ ቡና አተላ ነው። ባለቤቴ «ይኼን ጠርሙስ ከመስኮቱ አንሺልን» ብሎ ሁለቴ ተጣልተናል። ቀዩ ግን ሁለት ጣት አሸዋ አወጣ፣ ማታውኑ ግማሹ ጠርቷል።

ማስመሪያዎቹ ደግሞ፦ ጥቁሩ ብቻውን 10 የነበረው 8.8 ሆነ። ደግሞም ተቆለመመ። ጥቁርና ቀይ እኩል 9.1። ሁለት እጅ ቀይ፣ አንድ እጅ ጥቁር፣ አንድ እጅ ገል 9.4። ይኼኛው ቀጥ ብሎ ነው የደረቀው፣ በእጄ ልሰብረው ስሞክር ታገለኝ። አቼቶውም ምንም አልፈላም።

በመጨረሻው ድብልቅ አራት ምጣድ ሠራሁ። ዳር ዳሩን እርጥብ ጨርቅ ሸፈንኩለት፣ መሃሉ እንዲቀድም። ሦስቱ ደረቁ! አራተኛው በሩ አጠገብ ስለነበረ ነፋስ አገኘውና በአንድ በኩል ሰነጠቀ። ቅዳሜ አቃጠልኳቸው። ጎመን ዘር ፈጭቼ አዘጋጅቻለሁ፣ ነገ ላሟሸው ነው።

የቀጨኔ ልጅ (እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡50)

እልልልል! ግን ከማሟሸትሽ በፊት በአንድ እጅሽ አንጠልጥለሽ በጣትሽ ጀርባ አንኳኪያቸው። ደህናው እንደ ደወል ይጮሃል። የማይታይ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። ለደንበኛ ከመስጠትሽ በፊት ይኼን ሳታደርጊ እንዳትሸጪ።

የሰንዳፋዋ (እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡20)

አንኳኳሁ። ሁለቱ ይጮሃሉ። ሦስተኛው ድምፁ እንደ ጣውላ ነው፣ ምንም ስንጥቅ ግን አይታየኝም። አሁን ጓሮ ወስጄ ሰብሬው መጣሁ፣ ለቀጣዮቹ ገል ይሆናል።